የመረብ ጠጋኙ ጥርስ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ወንድሜ ማናኦር ግን መርሳት ብቻ አይደለም፣ የወጋውን ሰው ልጅ ከባሕር ማዶ ጠርቶ «ነይና ድግሴን ቅረጪልኝ» አላት። እንዲህ ያለ ዓይን አውጣነት የሚገኘው ጃካርታ ላይ አውቶቡሶቹን አሰልፎ የሚያድር ሰው ዘንድ ነው።

እኔ ሮቱዋ ነኝ። ሦስት ነበርን፤ ታላቁ ማናኦር፣ መካከለኛዋ እኔ፣ የመጨረሻው ቢንሳር። ሳሞሲር ደሴት ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ተወለድን። እነሱ ሄዱ፤ እኔ እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ባሌን ቀበርኩ፣ እዚሁ ሽንኩርት እተክላለሁ። ምላሴ ክፉ ነው ይላሉ። ክፉ ነው፣ አልክድም።

ቢንሳር በእኛው የጎሣ ስም የምትጠራ ልጅ ወደደ። እኛ ባታኮች ዘንድ ስሙ አንድ ከሆነ ሃያ ትውልድ ቢርቅም እህትና ወንድም ነው፤ ነውር ነው። ነውር ግን መፍትሔ አለው። ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ሌላ ጎሣ በልጅነት ተቀብሎ የራሱን ስም እንዲሰጣት፣ ጎሽ ታርዶ ነገሩ እንዲበርድ እየመከሩ ነበር። ለስንቱ ተደርጓል። ያኔ ማናኦር የትልቅ ሰው ልጅ ሊያገባ ሽር ጉድ የሚልበት ጊዜ ነበርና በሸንጎው መሐል ብድግ ብሎ «እኔ ወንድም የለኝም» አለ። የበኩር ልጅ እንዲህ ካለ በኋላ ማን ምን ይላል? ሽማግሌዎቹ ልብሳቸውን አራግፈው ተነሡ። ቢንሳርም ልጅቷን ይዞ ከአገር ወጣ፤ ፊላደልፊያ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲያሽግ ኖሮ እዚያው ሞተ። የመቃብር ቦታው ዋጋ አልቀመስ ስላለ አቃጠሉት።

ልጁ ዱማ ግን ፊልም ሠሪ ሆነች። ገና ጀማሪ ናት፤ አንድ ፊልም ብቻ ነው ያላት። እዚያው ፊላደልፊያ ያሉ የአገራችን አባቶች እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከሱቅ ጀርባ ተሰብስበው ዶሚኖ የሚጫወቱበትን፣ ስለ አገራቸው የሚዋሹበትን ነው የሠራችው። ሽልማት አገኘችበት። የማናኦር ልጆች በስልካቸው አይተው ለአባታቸው አሳዩት፤ እሱም የረሳው ደም በአንድ ቀን ትዝ አለው። ደወለላት። የአባታችንን አጥንት ከአፈር አውጥቶ በሐውልት ሊያሳርፍ እንደሆነ፣ ለዘር የሚተርፍ ፊልም እንደሚፈልግ ነገራት።

«አባቴም ከአባቱ ጋር ይገባል?» አለችው።

«ይዘሽው ነይ። እኔ አስገባዋለሁ» አላት።

በዚህ ቃል መጣች። ጀርባዋ ላይ ካሜራ፣ እቅፏ ውስጥ አባቷ። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር ያስቀመጡት፤ እናቷ ከሱቅ የተገዛውን ዕቃ አልወደደችውም አሉ። እኔ ቆርቆሮውን ተቀብዬ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት፤ አለቀስኩ፤ ከዚያ አብረን ወደ ማናኦር ሄድን።

ሐውልቱ ሦስት ፎቅ ነው። ጣሪያው እንደ ጎሽ ቀንድ ሽቅብ የወጣ፣ ደረጃው እብነ በረድ፣ በሩ ላይ ደግሞ የሲሚንቶ አውቶቡስ። ቀልዴን አይደለም፤ ጎማው ሁሉ አለው። ማናኦር ከሥሩ ተቀምጦ ሠራተኛ ይሰድባል። የጎሣችን ሽማግሌ ኦምፑ ጋንዳ ራቅ ብለው ኩርሲ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ጆሯቸው ትንሽ ደክሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ማናኦር ቆርቆሮውን እያየ።

«አባቴ ነው» አለች ዱማ። ቋንቋችንን ትሰባብረዋለች፤ ይህን ግን አጥርታ ነው ያለችው።

ሳቅ አለ። «ልጄ፣ እኛ እዚህ የምናከብረው አጥንት ነው። አመድማ ከምድጃም ይዛቃል።»

«በስልክ ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

«ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ። እኔ ምን ላድርግ? ቅረጪ፣ ብዪ፣ ጠጪ፣ ስትመለሺ ይዘሽው ተመለሺ።»

ቀጥ ብዬ ወደ ኦምፑ ጋንዳ ሄድኩና ጆሯቸው ላይ ጮህኩ። «የቢንሳርን አመድ እምቢ ብለዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ዱማ ቤቴ ስትደርስ ሻንጣዋን ማሰር ጀመረች። ፊቷ ላይ ዕንባ የለም፤ ከንፈሯ ግን ነጭ ሆኗል። «አክስቴ፣ እኔ ለዚህ ሰውዬ አንድ ደቂቃ አልቀርጽም» አለችኝ።

«ትቀርጫለሽ።»

«ለምን ሲባል?»

«አላውቅም ገና። ሰው ዘመኑን ሙሉ ሲቆለል አንድ ቦታ ላይ ሳይሰነጠቅ አይቀርም። ሲሰነጠቅ ካሜራ ያለው ሰው እዚያ ቢኖር ጥሩ ነው።»

ያን ሌሊት ጸሎቴን ሳደርስ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ላይ ስደርስ ዘለልኩት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነውና፣ እግዜርን ለማታለል አልፈለግሁም።

በነጋታው ኮረብታው ላይ ወጣን። የከተማ ዘመዶች በአዲስ ጫማ እየተንሸራተቱ፣ የእናታችን ወገኖች ከሐይቁ ማዶ በጀልባ መጥተው ዶማቸውን ይዘው። የሰፈሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን ዳገቱን ስለማይችሉ ታች ድንኳን ውስጥ ቀሩ። ማናኦር ሱፍ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ኡሎስ፣ ያ ለክብር የሚደረበው ሽመናችን፣ ጣል ተደርጎለታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቁ። አባታችን ሲሞት ማናኦር አልመጣም። አዲስ የአውቶቡስ መስመር የሚከፍትበት ሳምንት ነበርና ግድግዳ የሚያህል የአበባ ሰሌዳ ልኮ ቀረ። ጉድጓዱን የቆፈረው ቢንሳር ነው፤ ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቢንሳር የተባረረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዓመታት በፊት ደግሞ ኮረብታው ተንሸራትቶ መስቀሎቹን ሁሉ ጠራርጎ ወሰዳቸው። አሁን መቃብሮቹ የሣር ጉብታ ብቻ ናቸው። የመጀመሪያዋን ዶማ ማሳረፍ የበኩር ልጅ ሥራ ነው፤ ቦታውን አላውቅም ካለ ደግሞ የገዛ አባቱን ቀብር እንዳልቆመ በሰው ፊት ተናዘዘ ማለት ነው። እኔን መጠየቅ ይችል ነበር። ባል አግብቼ የሌላ ጎሣ የሆንኩ ሴት ነኝና አልጠየቀኝም።

ጉብታዎቹን በዓይኑ ለካ። ከሁሉ ከፍ ያለውን መረጠ። «ሳውት! አባቴ ሳውት! ልጅህ መጥቻለሁ፣ ላነሣህ መጥቻለሁ!» ብሎ ጮኸና ዶማውን አሳረፈ።

አባቴ እዚያ አልነበረም። አባቴ አሥር እርምጃ ወደ ታች፣ ከአንድ የጃክ ፍሬ ዛፍ ሥር ነው። ማናኦር ያስቆፈረው የአማ ዲሊን መቃብር ነው። አማ ዲሊ ከኒያስ ደሴት የመጣ መረብ ጠጋኝ ነበር፤ ዘመድ የለው፣ ጎሣ የለው፤ በወባ ሲሞት አባቴ አዝኖለት ከእኛው ዘንድ አስቀበረው።

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ልናገር ነበር። «አመድማ ከምድጃም ይዛቃል» ያለው ትዝ አለኝ። አፌን ዘጋሁት።

የራስ ቅሉ ሲወጣ ሴቶች እልል አሉ። ማናኦር በነጭ ጨርቅ ተቀብሎ ከፍ አደረገው። ዱማ ካሜራዋን ይዛ ተጠጋች። የልጅቱ አሠራር እንዲህ ነው፤ አንዲት ጥያቄ ትጠይቅና ዝም ትላለች። ሰው ደግሞ ዝምታን አይችልም፤ ባገኘው ነገር ይሞላዋል።

«አጎቴ፣ አያቴ መሆኑን በምን አወቁት?» አለችው። ዝም አለች።

ማናኦር ካሜራውን አየ፤ ቅሉን አየ። «በምን አወቁት ትላለች! ልጅ አባቱን ያጣዋል? ጥርሱን እይው! ሁሉም ቦታቸው ላይ ናቸው። አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ የጎሽ ቅልጥም በጥርሱ የሚሰብር ሰው ነበር። የእኛ ዘር ጥርሱ ብረት ነው!» ብሎ የራሱንም ገልጦ አሳየ። የእሱ ጃካርታ የተሠራ ነው። ከዚያ የመረብ ጠጋኙን ግንባር ስሞ አለቀሰ።

አባቴ ሲሞት አፉ ውስጥ አንዲት ጥርስ አልነበረችም። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ሙዝ እየደቆስኩ በማንኪያ አጎረስኩት። ማናኦር ግን አባቱን የሚያውቀው ጥርስ በነበረው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላየውም።

አጥንት ማጠብ የሴት ልጅ ሥራ ነውና በሎሚ ውኃ ያጠብኩት፣ በእርድ የቀባሁት እኔ ነኝ። የልቅሶ ዜማም አወረድኩለት። ሰው ለአባቷ መሰለው። እኔ ግን ለአማ ዲሊ ነበር ያለቀስኩት፤ በሞተ ጊዜ ማንም አላለቀሰለትም ነበር። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ ሦስተኛው ፎቅ አወጡት። ከበሮው ተመታ፤ ጎሽ ታረደ።

ከሰዓት በኋላ ለዱማ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ አልሳቀችም። ካሜራዋን ከፍታ ያን ቦታ ደጋግማ አየችው።

«አክስቴ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ያጎረስኩት።»

«እና ዝም አልሽ?»

«እና ዝም አልኩ። ትፈርጂብኛለሽ?»

«አልፈርድም» አለች። «የድግሱ መዝጊያ ላይ አጭር ፊልም አሳዪ ብሎኛል። ትልቅ ስክሪን አስመጥቷል። የሜዳኑም፣ የጃካርታውም፣ የካሊፎርኒያውም ዘመድ በቀጥታ በስልክ ያያል።»

እኔና እሷ ተያየን። አባቷን በዓይኗ አየሁት።

በመዝጊያው ዕለት፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ሄዳ አንድ ጊዜ ደግማ ለመነችው። ፍትሐዊ ልሁን ብላ ነው፤ አሜሪካ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

«አጎቴ፣ አባቴን ያስገቡልኝ። ስሙ ባይጻፍም ግድ የለም። ከአባቱ እግር ሥር ይሁን።»

«ያን ቆርቆሮ ከዓይኔ አርቂልኝ አላልኩም?» አላት። «ሐውልቴን ቆሻሻ አታስነኪኝ።»

ወጥታ ትከሻዬን ያዘች። «እናሳያቸው» አለች።

ድንኳኑ ጢም ብሎ ነበር። ስክሪኑ ላይ በመጀመሪያ ሐይቁ መጣ፤ ሰው አጨበጨበ። ሐውልቱ መጣ፤ አውቶቡሱ መጣ፤ የማናኦር ልጆች ፉጨት ለቀቁ። ከዚያ ማናኦር ራሱ፣ ፊቱ እንደ በር ሰፍቶ፣ ቅሉን ይዞ። ሙዚቃ የለም፣ ምንም የለም። «አያቴ መሆኑን በምን አወቁት?» አለ የዱማ ድምፅ። ዝምታ። «ጥርሱን እይው!» አለ ማናኦር።

የፊተኛው ወንበር ላይ ጎረቤቴ ናይ ሊንዱንግ ተቀምጣለች፤ ዘጠናን ያለፈች አሮጊት፣ ቅጠል እያኘከች። ማኘኳን አቆመች።

«የምን ጥርስ?» አለች።

«ዝም በይ፣ እማማ» አላት አንዱ።

«ምን ዝም በይ ትለኛለህ! ሳውት የምን ጥርስ አለው? ያ ሰውዬ ሙዝ እንኳ በማንኪያ አይደል እንዴ የሚበላው! እኔን ሊያባብለኝ ሲመጣ "ናይ ሊንዱንግ" ብሎ መጥራት ተስኖት ሲፍ ሲፍ ይልብኝ አልነበር?»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እውነቷን ነው» አለ። ሌላው «ድዱን ነበር የሚያሳየን» አለ። ሳቁ ከአሮጊቶቹ ተነሥቶ ድንኳኑን ሞላው፤ ከዚያ ሰዉ የነገሩ ትርጉም ሲገባው ሳቁ ጠፋና ጉርምርምታ ሆነ። ስክሪኑ ላይ ማናኦር አሁንም የሰው አባት ይስማል።

ኦምፑ ጋንዳ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ሮቱዋ! ሐውልቱ ውስጥ ያለው ማነው?»

ተነሣሁ። ይህን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቅሁት እኔና ልቤ ነን የምናውቀው። «አማ ዲሊ ነው፣ የኒያሱ መረብ ጠጋኝ። አባቴ ያለበትን የሚያውቀው ቀባሪው ነው። የቀበረው ቢንሳር ነው፤ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ማናኦር በእኔ ላይ ጮኸ። «አውቀሽ ነው? ቆመሽ እያየሽ ዝም አልሽ?»

«ጋሼ፣ ማን ጠየቀኝ?»

ስልኮቹ ውስጥ ያሉት ዘመዶች ሁሉም በአንድ ላይ ያወራሉ። የማናኦር ሚስት በሻርፕ ተሸፈነች። ኦምፑ ጋንዳ ፈረዱ፤ መረብ ጠጋኙ ነገ በክብር ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ኡሎስም ይደረብለታል፤ እውነተኛው ሳውት ይነሣል፤ ሌላ ጎሽ ይታረዳል። ያኔ ዱማ ካሜራዋን አውርዳ መሐል ገባች።

«ሽማግሌ፣ አባቴስ?»

ሽማግሌው ወደ ማናኦር ዞሩ። «በኩሩ አንተ ነህ። ያለ አንተ ፈቃድ እኔ ላስገባ አልችልም። ወንድምህን ምን ትላለህ?»

ያ ሁሉ ሕዝብ ጠበቀው። እኔም ጠበቅሁት። በዚያች ሰዓት አንዲት ቃል ቢወጣው እዚያው ይቅር እለው ነበር መሰለኝ። እሱ ግን ደም ሥሩ ተገትሮ «ነገ አባቴ ይገባል። ሌላ የሚጨመር የለም» አለ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነው የእኔ ሥራ ነው፤ በዱማ አታላክኩ። ሰማዩ ግራጫ ሲሆን ቀሰቀስኳት። ዶማ ያዝኩ፣ እሷ ቆርቆሮውን ያዘች። የጃክ ፍሬው ሥር አፈሩ ልል ነው፤ ኮረብታው ሲንሸራተት ግማሹን ወስዶት ጥልቀትም አልነበረውም። ብዙ ሳንደክም አጥንቱ ጋ ደረስን። ድዳሙን መንጋጋ ሳይ «አባቴ፣ ደህና አደርክ» አልኩት። ዱማ ተንበርክካ ክዳኑን ከፈተች። በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለች፤ ለአባቷ ነውና አልጠየቅኋትም። ከዚያ አፈሰሰችው፤ ደረቱ ላይ፣ እጆቹ ላይ፣ ቅሉ ውስጥ። እኔ በሁለት እጄ ከአፈሩም ከአጥንቱም ጋር አሸሁት፤ እንደ ሊጥ። ጤዛው ረዳኝ። ስንጨርስ አባትና ልጅን መለየት ቀርቶ የእኔን ጣት ከእነሱ መለየት አይቻልም ነበር። አፈሩን መልሰን፣ ሐይቅ ወርደን ታጠብን።

ረፋዱ ላይ ሁሉም ወጣ። ዛሬ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም በልጆቻቸው ጀርባ ታዝለው መጥተዋል፤ ማንም ሊቀርበት አልፈለገም። ቦታውን በእግሬ አሳየሁ። ማናኦር ዶማውን አሳረፈ፤ ድምፁ ትናንት በጩኸት ተሰንጥቋል። የእናታችን ወገኖች ቆፈሩ።

አጥንቱ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ቆፋሪው እጁን አየና ቆመ። ኦምፑ ጋንዳ በከዘራቸው አፈሩን ነካ ነካ አደረጉ፤ ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ይሄ ዱቄት ምንድን ነው?» አለ ማናኦር።

«ልጁ ነው» አልኩት።

ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ዶማውን ወረወረ። «ንፉት! በወንፊት ንፉት! እጠቡት!»

«የማጥበው እኔ ነኝ» አልኩ። «በሎሚና በእርድ ነው የማጥበው፤ እርድ ደግሞ አመድ ሲያገኝ ይለጠፋል እንጂ አይለቅም። ሌላ ሴት ልጅ ካለችህ ጥራት።»

ኦምፑ ጋንዳ ሳል የመሰለ ሳቅ አመለጣቸው። «ማናኦር፣ አባትህ ልጁን ታቅፎ ነው የተገኘው። ሁለቱን ታነሣለህ፤ ወይ ሁለቱን ትተህ ያን ሦስት ፎቅ ባዶውን ትቆልፋለህ። የምታነሣውን በስሙ ጥራና ተቀበል።»

ዘመዱ ሁሉ ስልኩን ዘርግቷል፤ ባሕር ማዶ ያሉትም በቀጥታ ያያሉ። ታች ሁለተኛው ጎሽ ታስሮ ይጮኻል። ማናኦር ከሁሉም ፊት ላይ የሚያግዘው ሰው ፈለገ፤ ልጆቹ እንኳ ጫማቸውን ያያሉ። ነጩን ጨርቅ ዘርግቶ ተንበረከከ። የአባቴን ቅል ሰጡት። ግራጫው በጣቶቹ መሐል ሾልኮ የሱፉ እጀታ ላይ ፈሰሰ።

«ሳውት» አለ። «አባቴ ሳውት።»

«ሌላስ?» አሉ ሽማግሌው።

እጀታው ላይ የፈሰሰውን አመድ አየ። ጠላሁት፣ አዘንኩለት፣ መልሼ ጠላሁት።

«ቢንሳር» አለ በሹክሹክታ። «ወንድሜ።»

ዱማ ካሜራዋ ጀርባ ሆና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ለእሷ በቅቷታል፤ ልጅ ናት። እኔ ግን ሸንጎው መሐል ብድግ ብሎ ሲጮህ ድምፁ እስከ ሐይቁ ይሰማ እንደነበር አውቃለሁ። ጎንበስ ብዬ ጆሮው ሥር ተጠጋሁ።

«ካሊፎርኒያ ያሉት አልሰሙም፣ ጋሼ» አልኩት። «ጮክ በል።»